በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ

ከዲላ ተነስቶ የሞያሌን አስፋልት ወደ ደቡብ ለሚይዝ መንገደኛ ጪጩ ብዙም ሳይርቅ የሚያገኛት ቦታ ናት። ግራ ቀኙ ቡና ነው፤ በቡናው መሀል እንሰት፣ ከእንሰቱ በላይ ትልልቅ የጥላ ዛፎች፣ ከዛፎቹ ሥር ደግሞ ቤት አለ። እንዲህ ባለ ቀበሌ የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ የሚሆነውን፣ አንድ ጊዜ የተቀመጠበት ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ለሦስት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ አምስት ሰዓት ላይ ይጀመራል። አግዳሚ ወንበር ከመማሪያ ክፍል ይወጣል፤ ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወጣቶች ከኋላ ቆመው። ሰብሳቢው «የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች» ብሎ ይከፍትና ከወረዳ የመጡትን እንግዶች ያስተዋውቃል። ሪፖርት ይነበባል፤ ሪፖርቱ በመቶኛ የተሞላ ነው፣ የዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ ተከናውኗል ይላል። ከዚያ «ሦስት ሦስት ሰው እየወሰድን» ተብሎ መድረኩ ለአስተያየት ይከፈታል። የውሃው ነገር ይነሳል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚቆረጠው መንገድ፣ መድኃኒት የሌለው ጤና ኬላ፣ ወንበር ያጠረው ክፍል ይነሳል። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ ይጽፋል። መልሱም ይመጣል፦ ካለው የበጀት እጥረት አንጻር ደረጃ በደረጃ ይታያል፣ ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን። በመጨረሻም በየአባወራው የሚሰበሰበው መዋጮ ይገለጻል፤ እጅ ይወጣል፤ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ ይጨበጨባል።

በዚህ ስብሰባ የተሰበሰበው ሰው የወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከኪሱ የሚወጣውን። ከመንግሥት ካዝና የሚመጣው ገንዘብ ለምን እንደሚውል ግን ሕዝቡ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ተወስኗል፤ ምናልባትም ከሳምንታት በፊት። ስለ ሕዝብ ተሳትፎ የሚጻፈውና የሚነገረው አብዛኛው ነገር ይህን ቅደም ተከተል አይነካም። ስንት ሰው ተገኘ፣ ስንቱ ሴት ነው፣ ስንት መድረክ ተዘጋጀ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፦ የበጀት ውይይት ዋጋ የሚኖረው ገንዘቡ ሳይከፋፈል ሲደረግ፣ ቁጥሩ እስከ ቀበሌው ድረስ ሲወርድ፣ ባለፈው ስብሰባ ለተጠየቀው ሁሉ በሚቀጥለው ስብሰባ በስም መልስ ሲሰጥ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ውይይቱ አበው እንደሚሉት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ገንዘቡ በየት በኩል ይወርዳል

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይመድባል፤ ክልሉ በቀመር ለዞኖችና ለወረዳዎች ያከፋፍላል፤ ወረዳው ደግሞ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውሃና ለመንገድ መሥሪያ ቤቶቹ ይደለድላል። ወረዳ በራሱ የሚደለድለው ጥቅል በጀት ማግኘት የጀመረው በ1994 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ መጀመሪያም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና ጌዴኦ በነበረበት በደቡብ ክልል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጌዴኦ ከሌሎች ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች ጋር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልን ሲመሠርት፣ ዲላም ከአዲሱ ክልል የመቀመጫ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ የክልሉ ስም ተለወጠ እንጂ የገንዘቡ ቦይ ያው ነው። ቦዩ የሚቆመው ወረዳ ላይ ነው። ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ አለው፣ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽንና የግብርና ልማት ሠራተኛ አለው፤ የሁሉም ደመወዝ የሚወጣው ግን ከወረዳ ነው። ሕዝቡ የሚሰበሰበው በቀበሌ፣ ገንዘቡ የሚወሰነው በወረዳ። ክርክሩና ውሳኔው በሁለት የተለያዩ ጣሪያዎች ሥር ናቸው።

ሕጉ ይህን ክፍተት ቀድሞ አይቶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛዎቹ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም አማካይነት የወረዳ በጀትን በሰሌዳ መለጠፍና ቅድመ በጀት ውይይት ማካሄድ በአሠራር ደረጃ ገባ፤ የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራምም በሁለተኛው ምዕራፉ ከ200 በላይ ወረዳዎችን አዳርሶ ተገልጋዩ ለትምህርት ቤቱና ለጤና ጣቢያው ውጤት የሚሰጥበትን፣ ከዚያም ከኃላፊዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የጋራ የድርጊት መርሃ ግብር የሚያወጣበትን መንገድ አስለመደ። ስለዚህ ሐሳቡም መሣሪያውም አገር ውስጥ አለ።

የሚለጠፈውን ሰንጠረዥ ቀረብ ብሎ ማየት ግን ይጠቅማል። በአንድ በኩል የመሥሪያ ቤቶች ስም ተደርድሯል፤ ከላይ ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃ፣ ካፒታል፣ ድምር የሚሉ አምዶች አሉ። ቁጥሮቹ በሚሊዮን ናቸው። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ከጪጩ መጥቶ በወረዳው ግቢ ከሰሌዳው ፊት የቆመ ገበሬ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ጠቅላላ ደመወዝ ማንበብ ይችላል፤ ልጁ ለሚማርበት ትምህርት ቤት ዘንድሮ የጠመኔና የወንበር መጠገኛ ስንት እንደተመደበ ግን ከዚያ ሰንጠረዥ አያገኘውም። ቁጥሩ ተለጥፏል፤ ጥያቄ ሊወጣበት የሚችል ቁጥር ግን አልተለጠፈም። ሰው የሚከራከረው ሄዶ ሊያየው በሚችለው ነገር ላይ ነው፦ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቦኖ፣ በአንድ ድልድይ ላይ።

ለዚህ የሚጠቀሰው ማስረጃ ከቅርብ አገር የመጣ ነው። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 በተደረገ ክትትል፣ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ከሚልከው ድጎማ በአማካይ ትምህርት ቤት የደረሰው 13 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለየወረዳው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ በየትምህርት ቤቱ በር ላይም የደረሰው መጠን እንዲለጠፍ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2001 ድርሻው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። በዚያው ዘመን ሌሎች የአሠራር ለውጦችም ስለነበሩ ጭማሪው ሁሉ የጋዜጣው ነው ማለት አይቻልም። ይሁንና አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ወላጆች የያዙት ቁጥር የአገሪቱ የትምህርት በጀት ሳይሆን በልጃቸው ትምህርት ቤት በር ላይ የተለጠፈው ነበር።

ክርክር ለጌዴኦ እንግዳ አይደለም

ገበሬው በጀት አይገባውም የሚለው ሐሳብ በስብሰባ ላይ በግልጽ ባይነገርም በመሥሪያ ቤቶች አሠራር ውስጥ ግን ተቀምጧል። ይህን ሐሳብ ለመሞገት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጌዴኦ ባሌ በሚባለው ባህላዊ የአስተዳደር ሥርዓት ውስጥ ሶንጎ የሚባለው የመንደር ጉባኤ በየአካባቢው የራሱ ሜዳ አለው፤ በሜዳው ትልቅ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች የመሬት ድንበር፣ የውሃ መጠቀሚያ፣ የካሳና የዕርቅ ጉዳይ ሲዳኙ ኖረዋል። የሶንጎ ክርክር እጅ በማውጣት አይቋጭም፤ ነገሩ ከሁሉም ወገን እስኪደመጥና ስምምነት ላይ እስኪደረስ ይቆያል፣ ካልሆነም ለሌላ ቀን ይቀጠራል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከደኑ፣ ከቡናውና ከትክል ድንጋዮቹ ጋር አብሮ ዕውቅና ያገኘው ይህን መሬት በሥርዓት ያቆየው ባህላዊ አስተዳደር ነው።

ቁጥርም ቢሆን እንግዳ አይደለም። በአካባቢው ያለ ቡና አምራች የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ነው እንበል። ማኅበሩ በ1994 ዓ.ም. ከተመሠረተው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ጋር ይሠራል። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ለአባላት የሚቀርበው ስንት ቀይ ቡና እንደተገዛ፣ በስንት እንደተሸጠ፣ የተጣራ ትርፍ ስንት እንደሆነ፣ ከትርፉ ለመጠባበቂያ ምን ያህል እንደሚቀመጥና ለአባል በዲቪደንድ ምን ያህል እንደሚከፈል ነው። አባሉ ይጠይቃል፣ ይጠረጥራል፣ ኦዲተር ይምጣ ይላል። በዕድሩም እንዲሁ ነው፤ ገንዘብ ያዡ ባለፈው የገባውንና የወጣውን ሳያነብ ስብሰባው ወደ ሌላ አጀንዳ አያልፍም። ይኸው ሰው የወረዳ በጀት ስብሰባ ላይ ዝም የሚለው ሒሳብ ጠፍቶት አይመስልም። በማኅበሩ ስብሰባ ጥያቄው የሚለውጠው ነገር አለ፤ በቀበሌው ስብሰባ ግን የለም።

ታሪክም ለዚህ አካባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ ትቷል። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በሚችሌ ያነሱት አመፅ ብዙ ሕይወት የጠፋበት ነው፤ ከቁጣው ምንጮች አንዱ ባለመሬቱ በገበሬው ቡና ላይ የሚጥለው ግምትና ክፍያ ነበር። ገበሬው ግምቱን የሚሞግትበት ጉባኤ አልነበረውም። ያን ዘመን ከዛሬው ጋር ማስተካከል ስህተት ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚከፍለውን ሳይጠየቅ ሲወሰንበት ቅሬታው ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይጠፋም የሚለው ትምህርት ጊዜ አያልፍበትም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያውና ጠንካራው ተቃውሞ ከፋይናንስ ባለሙያዎች የሚሰማው ነው፦ ምን ያለ ነገር ነው የምንወያይበት? የወረዳው በጀት የሚበዛው ደመወዝ ነው፤ የመምህሩን ደመወዝ በሕዝብ ውይይት አንቀንስም፤ የቀረችው ካፒታል ደግሞ ለአንድ ቀበሌ እንኳ አትበቃም። ይህ እውነት ነው፤ የሚያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። ገንዘብ ሲያንስ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል፤ ቅደም ተከተሉን የሚያውቀው ደግሞ በውሃ እጦት የሚሰቃየው ሰው ነው። በተጨማሪም የሕዝቡ መዋጮና ነፃ ጉልበት በብዙ ቀበሌዎች ከካፒታሉ በጀት ጋር ተደምሮ የሚታይ ሀብት ነው። የትምህርት ቤት ግድግዳ በወላጆች መዋጮ ይቆማል፤ ቆርቆሮው ከወረዳ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። ሁለቱ በአንድ ሠንጠረዥ ካልተጻፉ ግድግዳው ጣሪያ ሳያገኝ ዝናብ ያፈርሰዋል።

ጌዴኦ ላይ ይህ ነገር የበለጠ ይከብዳል። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ዞኑ 847 ሺህ ያህል ሰው ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ማለት ነው። እንዲህ በተጨናነቀ መሬት ላይ አዲስ መንገድ፣ አዲስ የመማሪያ ክፍል ወይም የውሃ መስመር ሲታቀድ የሆነ ሰው እንሰትና ቡና መነቀሉ አይቀርም። ለምግብ የደረሰ እንሰት ዓመታት የወሰደ የቤተሰብ ጎተራ ነው። የዕቅዱ ወጪ በብር የተጻፈው ብቻ አይደለም፤ ያልተጻፈውን ወጪ የሚያውቁት ደግሞ የመሬቱ ጎረቤቶች ናቸው። መንገዱ በዚህ ቢያልፍ አሥር እንሰት፣ በዚያ ቢያልፍ ሁለት ቤት ይነካል የሚለውን ስሌት የወረዳ መሐንዲስ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ አያገኘውም። ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ ሲነገረው ደግሞ ተቃውሞ ብሎ ይመዘግበዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ስብሰባ የተናጋሪዎች ነው፤ የሚያሸንፈው ድምፁ ከፍ ያለው፣ ዘመድ ያለው፣ ወንዱ ነው የሚለው ነው። ይህን የዓለም ባንክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 500 የሚጠጉ ጥናቶችን ባጠናቀረበት ሥራ አምኗል፦ የአካባቢ ተሳትፎ ብዙ ጊዜ ባለሀብቱንና ባለሥልጣኑን ይጠቅማል። የሶንጎም ሜዳ በዋናነት የወንድ ሽማግሌዎች ነበር፤ ውሃ የምትቀዳው ሴት ስለ ውሃው እንድትናገር ወግ አልጋበዛትም። ስለዚህ ሶንጎን እንዳለ አንስቶ የበጀት ጉባኤ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም። የሚወሰደው አንድ ልማዱ ነው፣ ሁሉም ሳይደመጥ አለመዝጋት። ሴቶች ለብቻቸው ተወያይተው የቅደም ተከተል ዝርዝራቸውን በራሳቸው ተወካይ ለጠቅላላው ስብሰባ ቢያቀርቡ የአዳራሹ ሚዛን ይለወጣል፤ ይህ አካሄድ በማኅበራዊ ተጠያቂነት ሥራ የተሞከረ ነው። በሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና ፕሮግራምም የተጠቃሚዎች ስም በሕዝብ ፊት እንዲነበብና ቅሬታ ሰሚ እንዲኖር የተደነገገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በጓዳ የተሠራ ዝርዝር ዘመድ ያበዛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ በጥናት የተደገፈ ስለሆነ በቀላሉ አይታለፍም። ኢኮኖሚስቱ ቤንጃሚን ኦልከን በኢንዶኔዥያ ከ600 በላይ መንደሮች የመንገድ ሥራ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ኦዲት እንደሚደረግ አስቀድሞ መታወቁ የጠፋውን ወጪ በ8 መቶኛ ነጥብ ገደማ ሲቀንስ፣ ነዋሪዎችን በብዛት ወደ ስብሰባ መጥራት ግን በአማካይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። ታዲያ ገንዘቡን ለኦዲተር ማዋል አይሻልም? ኦዲተር ያስፈልጋል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን የዚያው ጥናት ዝርዝር ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ስብሰባው የቀን ሠራተኞች ክፍያ እንዳይሰረቅ ረድቷል፤ ምክንያቱም ክፍያው የተሰብሳቢዎቹ ነው። ስርቆቱ ወደ ዕቃ ግዢ ዞሯል፤ የሲሚንቶና የጠጠሩን ዋጋ የሚያውቅ የለምና። ሁለተኛ፣ ስም የማይጻፍበት የአስተያየት ቅጽ የሠራው በትምህርት ቤት በኩል ሲበተን ብቻ ነበር፤ በመንደሩ ሹማምንት እጅ ሲታደል ምንም አልፈየደም። ሰው የሚጠብቀው የሚያየውንና የራሱ የሆነውን ነው፤ በነፃነት የሚናገረውም የሚጠየቀው ሰው ራሱ ጠያቂ ሳይሆን ሲቀር ነው። ይህን ወደ ጪጩ ሲያመጡት፣ የበጀት ውይይቱን የሚጠራውና ቃለ ጉባኤውን የሚይዘው የቀበሌው አስተዳደር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ)፣ ዕድሮችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት አብረው ቢይዙት ይመረጣል ማለት ነው። የግንባታ ዕቃ ዋጋም ከበጀቱ ጋር አብሮ ይነበብ።

አራተኛው ተቃውሞ የምክር ቤት ነው፦ ሕዝብ ተወካይ መርጧል፤ በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው፤ ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር ላይ ከተከራከረ ተወካይ ለምን ያስፈልጋል? በመርህ ደረጃ ልክ ነው። በ2005 ዓ.ም. የተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ግን ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ያልተወዳደሩበት ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ይደረግ የነበረው ቀጣዩ ደግሞ ተራዘመ። ተወካይ በምርጫ ሳይታደስ በቆየበት ቦታ የሕዝብ ክርክር የምክር ቤቱ ተፎካካሪ ሊሆን አይችልም፤ ምክር ቤቱን ከወከለው ሕዝብ ጋር የሚያገናኘው ዋናው ገመድ ነው። ምርጫ በየጊዜው በሚካሄድበት አገር እንኳ ይህ ገመድ አልተቆረጠም። በአሜሪካ ቬርሞንት ክልል የትንንሽ ከተሞች ነዋሪዎች በየዓመቱ በፈረንጆቹ ማርች ወር የመጀመሪያ ማክሰኞ ተሰብስበው የከተማቸውን በጀት ራሳቸው ያጸድቃሉ፤ ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርቱ ታትሞ ከስብሰባው በፊት በእጃቸው ይገባል። ፍራንክ ብራያን የተባለው ምሁር ከ1,400 በላይ እንዲህ ያሉ ስብሰባዎችን አጥንቶ በአማካይ የሚመጣው ከአምስት መራጭ አንዱ ገደማ እንደሆነ አገኘ፤ ከተማው ባነሰና የሚወሰነው ነገር በከበደ ቁጥር ግን ሰው ይበዛል። መሰብሰቢያ አዳራሽ የሚሞላው በቅስቀሳ ብዛት አይደለም ማለት ነው፤ የሚወሰን ነገር መኖሩ ይሞላዋል።

ከጥር እስከ ሐምሌ

መፍትሔው አዲስ አዋጅ አይጠይቅም፤ የቀን መቁጠሪያ ይጠይቃል። በጌዴኦ ቡና የሚለቀመው በዋናነት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በጥር የሰው እጅ ይፈታል፣ ኪሱም ይጠገናል፤ የጌዴኦ የምስጋና በዓል ደራሮ የሚከበረውም በዚያው ሰሞን ነው። ወረዳው የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ማዘጋጀት የሚጀምረውም ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ነው። የቀበሌው የቅድመ በጀት ክርክር መደረግ ያለበት በዚህ ወቅት ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ሲደረግ ዝናቡ መንገድ ይዘጋል፣ ገበሬው የከረመ ገንዘብ የለውም፣ ሰነዱም ማኅተም ያረፈበት ነው። በጥር ወር ስብሰባ ላይ የሚቀርበው ረጅም የልማት ዝርዝር መሆን የለበትም። ወረዳው ለቀበሌው ሊያውለው የሚችለውን የካፒታልና የሥራ ማስኬጃ ጣሪያ በብር ይናገር፤ ከጎኑ ያለፈው ዓመት መዋጮ በደረሰኝ ተደምሮ ይጻፍ፤ ነዋሪው ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይምረጥ። ተስፋው ከገንዘቡ በላይ ያድጋል ለሚለው ስጋት መልሱ ይኸው ነው፤ ተስፋን የሚያሳብጠው ጣሪያው የማይታወቅ ክርክር ነው።

ምክር ቤቱ በሐምሌ በጀቱን ሲያጸድቅ ደግሞ አንድ ገጽ ወደ ቀበሌው ይመለስ፤ ከሦስቱ የትኛው ገባ፣ የትኛው ቀረ፣ የቀረበትስ ምክንያት ምንድን ነው? ምክንያቱ «የበጀት እጥረት» ከሆነ በምን ተበልጦ እንደቀረ ይጻፍ። የጎረቤት ቀበሌ ድልድይ ፈርሶ ከሆነ ሰው ይረዳል፤ በማያውቀው ነገር ተበልጦ ሲቀር ነው ቂም የሚይዘው። የሚቀጥለው ጥር ስብሰባ አጀንዳ ቁጥር አንድም የአዲስ ዕቅድ ሪፖርት ሳይሆን ያለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤ መነበብ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ተሠራ፣ አልተሠራም፣ በሥራ ላይ ነው የሚል መልስ ከኃላፊው ስምና ከቀኑ ጋር ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ቢደረግ የጪጩ ካፒታል በጀት በአንድ ብር አይጨምርም። የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው። መዋጮ የሚከፍለው ሰው ብሩ የት እንደደረሰ ያውቃል፤ የወረዳው ኃላፊ እምቢ የሚልበት ምክንያት በወረቀት ላይ ስለሚቀመጥ በቀላሉ እምቢ አይልም፤ እሺ ያለውንም አይረሳም። ከሁሉ በላይ፣ ሴቷም ወጣቱም በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ለመምጣት ምክንያት ያገኛሉ፤ ያለፈው ዓመት ንግግራቸው የት እንደደረሰ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ያዩታልና። ከወረዳ የሚመጣ ኃላፊ የሕዝብ ተሳትፎን መለካት ከፈለገ በአዳራሹ የተቀመጠውን ሰው መቁጠር ይተው። የቀበሌውን መዝገብ ይክፈትና ስንት ጥያቄ መልስ እንዳገኘ ይቁጠር።